«ኮሌስትሮሌ ወርዷል፣ መድኃኒቱን ላቁም?»

በውስጥ መስመር በብዛት ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ከላይ ያለው ነው። አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጣችሁ፦ ለአብዛኛው ሰው፣ አይቆምም። ግን «አይቆምም» ብቻ ብዬ ባልፍ ማንም አይሰማኝም፤ እኔም በሽተኛ ብሆን አልሰማም ነበር። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩን ያስጻፉኝ ወረታ ላይ ሩዝ የሚነግዱ አንድ አባት ናቸው። ታሪካቸውን ለትምህርት እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገሮችን ቀይሬያለሁ። ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ወደ እኔ የመጡት ለጨጓራ ነበር።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» አሉኝ መዳፋቸውን ደረታቸው መሀል ላይ አድርገው። «የጨጓራ ነገር ጻፍልኝና ልሂድ፣ መኪና ቆሞብኛል።»

«መቼ መቼ ነው የሚያምዎት? ምግብ ሲበሉ ነው?»

«ኧረ ምግብስ ምንም አይለኝ። አቀበት ስወጣ ነው።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ጨጓራ አቀበትና ሜዳ አይለይም፤ ልብ ግን ይለያል።

ጣራ ገዳም የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ፣ ደኑ መሀል ያለው ገዳም ነው። እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ በየዓመቱ ለመሳለም ይወጣሉ። ዘንድሮ ግን መንገድ ላይ «ደረቴ ላይ ኩንታል የተጫነብኝ መሰለኝ» አሉ። ሕመሙ ወደ ግራ ክንዳቸውና ወደ መንጋጋቸው ሄደ። ዛፍ ሥር ቁጭ ሲሉ በአምስት ደቂቃ ለቀቃቸው። ተነሥተው ሲቀጥሉ ደግሞ ያዛቸው። ሦስት ጊዜ እየተቀመጡ ገዳሙ ደረሱ። «እርጅና ነው ብዬ ተውኩት» አሉኝ፤ ጓደኞቻቸውም እንደዚያው ብለዋቸዋል።

የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ስጠይቃቸው ከኮታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለሉ ሁለት የላብራቶሪ ወረቀቶች አወጡ። የመጀመሪያው ላይ ኤልዲኤል፣ መጥፎው ኮሌስትሮል የምንለው፣ 178 ነበር። ሁለተኛው ከሦስት ወር በኋላ የተሠራ ነው፤ 86። በመሀሉ አቶርቫስታቲን የሚባለውን እንክብል ሲወስዱ ነበር። ሁለተኛውን ወረቀት ያዩ ዕለት አቆሙት። ይኸው ከዓመት በላይ ሆነው።

«ለምን አቆሙት?»

«ቧንቧው ጸድቷላ! የጸዳ ነገር ምን ይታጠባል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚህ ላይ ያፈርኩት እኔ ነኝ። እሳቸውን ያከምኳቸው እኔ አልነበርኩም፣ ግን ኢንተርን እያለሁ ይህንኑ የቧንቧ ታሪክ ለስንት ሰው አውርቻለሁ። «ኮሌስትሮል ማለት ቧንቧ ውስጥ እንደሚዘቅጥ ቅባት ነው፣ እየተጠራቀመ ይዘጋል» እል ነበር። ለማስረዳት ይቀላል፣ ሰውም ይገባዋል። የገባው ሰው ደግሞ በራሱ ሒሳብ ይቀጥላል፦ የዘቀጠ ነገር ይታጠባል፤ ከታጠበ በኋላ ማጠቢያው አያስፈልግም። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት በሙቅ ውኃ በባዶ ሆድ የሚጠጣውም በዚሁ ሒሳብ ነው። ጥፋቱ የበሽተኛው አይደለም፣ የታሪኩ ነው።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። በአማርኛ የሕክምና ቃል ራሱ «ደም ወሳጅ ቧንቧ» ነው የምንለው። አያቶቻችን «ደም ሥር» ያሉት ለእኔ ይሻላል፤ ሥር ሕይወት ያለው ነገር ነው። ደም ሥር ይለጠጣል፣ ይጠባል፣ ይቆስላል፣ ያብጣል፣ ይጠግናል። ግድግዳው ራሱ ሥጋ ነው። ስቡ የሚጠራቀመውም ደሙ በሚያልፍበት ክፍት ቦታ ላይ ሳይሆን እዚያ ግድግዳ ውስጥ ነው። ፎገራ ላይ የመስኖ ቦይ ደለል ሲሞላው በአካፋ ይጠረጋል። ደለሉ የቦዩ ግንብ ውስጥ ገብቶ ቢሆንስ? አካፋው ምን ይጠርጋል?

እንዴት ይገባል? ኮሌስትሮል ስብ ስለሆነ ከደም ጋር አይዋሐድም፣ በራሱ አይጓዝም። እንደ ጣና ዕቃ በታንኳ ተጭኖ ነው የሚሄደው። ኤልዲኤል የሚባለው ጭነቱን ወደ ሰውነት ክፍሎች የሚያደርሰው ታንኳ ነው፤ ኤችዲኤል ደግሞ የተረፈውን ወደ ጉበት ከሚመልሱት አንዱ ነው። የኤልዲኤል ታንኳዎች በዝተው ለዓመታት ሲመላለሱ፣ በተለይ የደም ሥሩ የውስጥ ገጽ በደም ግፊት፣ በሲጋራ ወይም በስኳር ከተጎዳ፣ ጥቂቶቹ ሾልከው ግድግዳው ውስጥ ይቀራሉ። ሰውነታችን ይህን እንደ ባዕድ ነገር ያየዋል። ነጭ የደም ሴሎች ይመጡና ስቡን ይበሉታል፤ ከመጠን በላይ ይበሉና እዚያው ይሞታሉ። የሞቱት ሴሎችና ስቡ ተደባልቀው እንደ ገንፎ ለስላሳ የሆነ ክምችት ይሠራሉ። ሰውነትም በላዩ ላይ እንደ ጠባሳ ያለ ክዳን ያበጅለታል። ፕላክ የምንለው ይህንን ነው። ከቧንቧ ዝቃጭ ይልቅ ቆዳ ሥር ያለ መግል የቋጠረ እባጭን ይመስላል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉልኝ። ይህ እባጭ መጀመሪያ ላይ የሚያድገው ወደ ውጭ ነው። ደም ሥሩ ይሰፋለታል፣ መተላለፊያው አይጠብም። ስለዚህ ምንም አይሰማችሁም። ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት ምንም። «አያመኝም» ማለት «የለብኝም» ማለት ያልሆነው ለዚህ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ፤ ኮሪያ ጦርነት ላይ፣ የእኛ ቃኘው ሻለቃም በዘመተበት፣ የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮች ልብ ተመርምሮ ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ነው። ከመቶ 77ቱ የልባቸው ደም ሥር ላይ በዓይን የሚታይ የበሽታው ምልክት ተገኘባቸው። የ22 ዓመት ወታደር! ተራራ የሚሮጥ!

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እያደገ መተላለፊያውን ማጥበብ ነው። ጥበቱ ከመቶ ሰባ እጅ ገደማ ሲደርስ ልብ ተቀምጣ የሚበቃትን ደም ታገኛለች፣ አቀበት ስትወጡ ግን አይበቃትም። ያኔ ታስጨንቃለች፤ ስትቀመጡ ትተዋለች። የእኚህ አባት የጣራ ገዳም ሕመም ይሄ ነው። እንግዳ ቢመስልም ይሄኛው ደግ ነው፣ ምክንያቱም ያስጠነቅቃል።

ሁለተኛው መንገድ አያስጠነቅቅም። የእባጩ ክዳን ስስ ከሆነ አንድ ቀን ይቀደዳል። ውስጡ ያለው ስብ ደም ሲነካው ደሙ ቁስል መስሎት እዚያው ይረጋል። የረጋው ደም በደቂቃዎች ውስጥ መተላለፊያውን ይዘጋዋል። የልብ ከሆነ ሃርት አታክ፣ የአንጎል ከሆነ ስትሮክ። የሚቀደደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ትልቁ እባጭ አይደለም። መተላለፊያውን ግማሽ እንኳ ያላጠበበ፣ ትናንት ተራራ ቢወጡ ምንም የማይል፣ ለስላሳና ስስ ክዳን ያለው ነው።

ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው «ታናሽ ወንድሜ እንደዚህ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። ሩዝ አጨዳ ላይ ነበር፣ 49 ዓመቱ፣ ቀጭን፣ ታሞ የማያውቅ። ጠዋት በደንብ ቁርሱን በልቶ ወጣ፣ ከሰዓት በኋላ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ቤተሰቡ መጋኛ ነው ያለው። ምን እንደነበር አሁን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፤ አልተመረመረም። ግን ወንድ ከ55 ዓመት በታች፣ ሴት ከ65 በታች ሆነው በልብ ሕመም የሞቱበት ወይም የታመሙበት ቤተሰብ ካላችሁ፣ እናትና አባት፣ ወንድምና እህት ማለቴ ነው፣ ይሄ ለሐኪማችሁ መነገር ያለበት ነገር ነው። በየቤቱ «መጋኛ መታው» ተብሎ የተቀበረ የልብ ሕመም ስንት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። ኮሌስትሮል የሚመጣው ከምግብ ብቻ ይመስለናል፤ አብዛኛውን የሚሠራው ግን ጉበታችን ራሱ ነው። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ይህን የጉበት ሥራ ይቀንሱታል። ጉበትም ሲጎድልበት ከደም ውስጥ ኤልዲኤልን መሰብሰብ ይጀምራል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የሚወርደው በዚህ ነው። የመጀመሪያውን ያገኘው ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ነው፤ በ1970ዎቹ ከሻጋታ። ከዚያ በላይ የሚያስደስተኝ ግድግዳው ውስጥ የሚሆነው ነው፦ ለስላሳው ስብ ይቀንሳል፣ ቁጣው ይበርዳል፣ ክዳኑ ይጠነክራል። እባጩ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ይረጋጋል። በቀላሉ አይቀደድም።

መድኃኒቱ ሲቆም ጉበት ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፤ በሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ይሄዳል። 86 የሚለው ቁጥር «ድነሃል» ማለት አይደለም፣ «እንክብሉ እየሠራ ነው» ማለት ነው። ለእሳቸው ያልኳቸው እንዲህ ነው፦ «ርብ ሲሞላ ማሳዎ እንዳይጥለቀለቅ ክትር ሠሩ እንበል። ክረምቱ መሀል ላይ ማሳው ደረቅ ነው ብለው ክትሩን ያፈርሱታል?» ሳቁ። «እሱንስ እብድም አያደርገው» አሉ።

ማስረጃ ለሚፈልግ፦ በ1994 እ.ኤ.አ. በስካንዲኔቪያ አገሮች የልብ ሕመም ባለባቸው 4,444 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ውጤቱ ወጣ። ግማሾቹ ሲምቫስታቲን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ተሰጣቸው። ከአምስት ዓመት በላይ ሲከታተሏቸው በባዶው እንክብል በኩል 256 ሰው ሞተ፣ በሲምቫስታቲን በኩል 182። የሰባ አራት ሰው ልዩነት ነው። ሎሚን በዚህ መንገድ ፈትኖ ይህን ያገኘ የለም። ሎሚ አትጠጡ አላልኩም፤ ሎሚ ይጣፍጣል።

«ጉበት ይጨርሳል፣ ጡንቻ ይበላል» የሚለውንስ? ጉበት ላይ ከባድ ጉዳት በጣም ብርቅ ነው፤ ሐኪሙ ሲጀምር የጉበት ምርመራ ያያል። የጡንቻ ሕመም አለ፣ አልክድም። ግን በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በጎን ጉዳት ምክንያት ስታቲን ባቆሙ 60 ሰዎች ላይ አንድ ብልህ ጥናት ተሠርቶ ነበር፤ አንድ ወር መድኃኒት፣ አንድ ወር ባዶ እንክብል፣ አንድ ወር ምንም፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገራቸው። መድኃኒቱን ሲወስዱ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶው ባዶውን እንክብል ሲውጡም ተሰምቷቸዋል። ስለዚህ ካመማችሁ ተናገሩ፤ መጠኑን እንቀንሳለን፣ ዓይነቱን እንቀይራለን። ሽንታችሁ እንደ ኮካ ከጠቆረና ጡንቻችሁ ክፉኛ ከታመመ ግን መድኃኒቱን አቁማችሁ ዛሬውኑ ኑ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ለማርገዝ ያሰበች ወይም የምታጠባ እናት ደግሞ ሐኪሟን ሳታማክር አትውሰድ።

ስለ ላብራቶሪ ወረቀቱ አንድ ሁለት ነገር። ዳር ላይ «ኖርማል» ተብሎ የታተመው ክልል ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ እናንተ ግን አንድ አይደላችሁም። ሌላ ችግር ለሌለበት ሰው ኤልዲኤል ከ100 በታች ጥሩ ነው። የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ለደረሰበት ሰው ግን ከ70 በታች እንፈልጋለን፤ ለእሱ 98 «ኖርማል» አይደለም። ስኳር ያለበትና 40 ዓመት ያለፈው ሰው ቁጥሩ ያን ያህል ባይከፋም ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን እንጀምርለታለን። 190ና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር ባይኖርም ይታከማል። ጠቅላላ ኮሌስትሮል የሚለውን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ፤ ዝርዝሩን ይዛችሁ ኑ።

ዝርዝሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ በ2015 እ.ኤ.አ. የተደረገውን አገር አቀፍ ጥናት ማየት ነው። ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነው። ደስ ይላል። ነገር ግን ትራይግሊሰራይድ ከፍ ያለበት ከአምስት ሰው አንዱ፣ ጥሩው ኤችዲኤል ዝቅ ያለበት ደግሞ ከአሥር ሰው ሰባት የሚጠጋ። የእኛ አገር ስብ መልኩ ትንሽ ለየት ይላል ማለት ነው። ለኔ ይሄ ወደ ማዕድ ያመጣናል።

ፎገራ የሩዝ አገር ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለውም እዚሁ ነው። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፣ ዳቦ ይሆናል፣ ጠላና አረቄም ይሆናል። ሩዝ ላይ ጠብ የለኝም፤ ወረታ ተቀምጬ ሩዝን ብሰድብ ምሳ የሚሰጠኝም አላገኝ። ግን ተፈትጎ ነጭ የሆነ ሩዝ በፍጥነት ስኳር ይሆናል፤ ከሚያስፈልገን በላይ የሆነውን ደግሞ ጉበት ወደ ትራይግሊሰራይድ ይለውጠዋል። አጨዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ለሚውል ሰው ይቃጠላል። መጋዘን በር ላይ ወንበር ይዞ ለሚውል ነጋዴ አይቃጠልም። አረቄና ቢራ ሲጨመርበት ይብሳል። ትራይግሊሰራይድ 500 ካለፈ የቆሽት መቆጣት ሊያመጣ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ክፉ የሆድ ሕመም ነው።

ቅቤስ? የፎገራ ላም ቅቤ እንዴት እንደሚሸት ለሚያውቅ ሰው «ተው» ማለት ይከብደኛል። ግን ከቅቤ ስብ ከግማሽ በላይ የሆነው ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ነው። ለዓመት በዓል ዶሮ ወጥ ሌላ ነው፣ በየቀኑ ሽሮ ላይ ማንኪያ ሙሉ ሌላ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይትም ከስቡ ግማሽ ገደማ ይኸው ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ጾመኞች ይሳሳታሉ፤ «ጾም ላይ ነኝ፣ ስብ አልበላሁም» ይላሉ። በፓልም ዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ድንች ጥብስ ጾም ቢሆንም ስብ ነው። ምሥር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት ሲሠራ ግን ጾም በእውነት ኮሌስትሮልን ያወርዳል። ስለዚህም ሁዳዴ ማብቂያ ላይ የተመረመረና ፋሲካ ካለፈ ወር በኋላ የተመረመረ ሰው ሁለት የተለያየ ቁጥር ቢያገኝ አይግረመው። ስትመረመሩ ጾም ላይ መሆናችሁን ንገሩን። ለንጽጽር የምትመረመሩ ከሆነ ተመሳሳይ ወቅት ምረጡ።

ቀጭንነት ደግሞ ዋስትና አይደለም። ወንድምየውን አስታውሱ።

አንድ አስቸኳይ ነገር ልጨምር። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም እረፍት አድርጋችሁም 15 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ቃር ነው ብላችሁ አትተኙበት። በሴቶችና በስኳር ሕመምተኞች ደግሞ ደረት ሳያም እንዲሁ ድካምና ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሆን ይችላል። ቶሎ ሆስፒታል መሄድ ነው፣ ባጃጅም ቢሆን። አስፕሪን ካለ፣ አለርጂ ወይም የሚደማ ጨጓራ ከሌላችሁ፣ 300 ሚሊግራም አኝካችሁ ዋጡ። የተዘጋ የልብ ደም ሥር በባሎን የሚከፍቱ ማዕከላት አገራችን ውስጥ ጥቂት ናቸው፣ ብዙዎቹም አዲስ አበባ ናቸው። ከወረታ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የእኚህ አባት ኢሲጂ ተቀምጠው ሲነሣ ንጹሕ ነበር፤ በእረፍት ጊዜ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን አያስደስትም። አስፕሪን፣ ከፍ ባለ መጠን አቶርቫስታቲንና የልብ ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት ጀምሬላቸው ባሕር ዳር ለልብ ስፔሻሊስት ላክኋቸው። እየተከታተሉ ነው። ሜዳ ላይ ይራመዳሉ፤ አቀበቱን ስፔሻሊስቱ እስኪፈቅድ እንዲያቆዩት ተስማምተናል። ይህን ስነግራቸው ግን መድኃኒቱን ከመዋጥ የበለጠ ከበዳቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ትልቁ ልጃቸው መጣ። እሳቸው ናቸው የላኩት። 27 ዓመቱ ነው፣ ከእኔ ብዙም አያንስም፤ እግር ኳስ ይጫወታል። ኤልዲኤሉ 204 መጣ። እንዲህ ያለ ቁጥር በዚህ ዕድሜ ሲገኝ፣ በዚያ ላይ አጎት በ49 ዓመቱ ሲሞት፣ በዘር የሚተላለፈውን ዓይነት መጠርጠር አለብን፤ በዓለም ላይ ከ250 እስከ 300 ሰው ውስጥ አንዱ አለበት ተብሎ ይገመታል። ምርመራውን ደግመነዋል፣ ታናሽ እህቱንም ጠርተናል።

ልጁ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ዶክተር፣ እኔ እኮ ምንም አያመኝም» አለኝ። ወንበሬን ጠጋ አድርጌ ስለ ደም ሥር ግድግዳ ጀመርኩለት።